ኬር የሚሉት ቃልና እህቴ አበባ

ከጎንደር የተነሣሁ ዋዜማ ቤቴ በሸኚ ተሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔ የነበረው በር ሥር በተቀመጠችው በታላቅ እህቴ ላይ ነው። አበባ ትባላለች፤ እኔ እታበባ እላታለሁ። ያን ዕለት ከአምባ ጊዮርጊስ በጠዋቱ አውቶቡስ ወርዳ፣ አዘዞ እስከምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ጉልበቷን ይዛ ወጥታ፣ «ምነው ጥሩወርቅ፣ ገና አውሮፕላን ሳትሳፈሪ ሰማይ ቤት ገባሽ እንዴ!» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን የተሰጣትን ጠላ እንኳ በእጇ ይዛ ቆየች እንጂ አልጠጣችውም።

የምሄደው ለስድስት ወር ነበር። አንዲት ልጄ ሰናይት እንግሊዝ አገር ልትወልድ ደርሳ፣ አጠገቧ ሆኜ ላርሳት ነው። ባሏ ጥሏት ስለ ሄደ ከእኔ በቀር ማንም አልነበራትም። እኔም ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የሚያስረኝ ነገር አልነበረም፣ ከእታበባ በስተቀር።

እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሷ አሥራ ሰባት። ተድራ የነበረችበትን ቤት ትታ መጥታ አሳደገችኝ። ቅቤና እንቁላል ለገበያ እያወጣች ጎንደር ልካ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተማረችኝ። ከዚያ በኋላ አላገባችም፤ አልወለደችም። ሰው «ምነው አበባ፣ ልጅ ሳትወልጂ?» ሲላት «ወልጄ ጨርሻለሁ፤ ያቻትና መዝገብ ቤት ተቀምጣለች» ትል ነበር፤ የጎንደር መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነበርኩና።

አመሻሹ ላይ ሰዉ ሊበተን ሲል የነፍስ አባታችን ተነሥተው ጸሎት አደረሱ። እንደ ጨረሱ እታበባ ጠላዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አባ፣ እርስዎ ባሉበት አንድ ነገር ልናገር። ይቺ ልጅ ሳትመለስ ብሞት፣ እሷ ሳትደርስ አፈር አታልብሱኝ።»

«ይህማ አይሆንም አበባ፤ ሬሳ ቀጠሮ አያከብርም» አሉ ቄሱ።

«እንግዲያው ቶሎ ትምጣ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «እታበባ፣ ጧሪሽም ቀባሪሽም እኔ ነኝ። ስድስት ወር ነው፤ ቃሌ ነው» አልኳት። ቄሱ ቆጣ ብለው «ቃሌ ነው አትበይ፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በይ» አሉኝ። ተናግሬ ነበርና አልመለስኩትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቁጥርና በቀን የተላከ ደብዳቤ ሳይደርስ ሲቀር የማልወድ ሰው ነበርኩ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው።

ሼፊልድ የምትባለው ይህች ከተማ እንደ ጎንደር ኮረብታ ላይ የተሠራች ናት። መጀመሪያ ቀን በመስኮት ሳያት ደስ አለኝ። በኋላ ግን ተራራ አንድ ቢሆን ሰማዩ አንድ አለመሆኑ ገባኝ። የእኛ ዝናብ መጥቶ፣ ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ መሬቱን አርሶ ይሄዳል። የዚህኛው ማንንም ሳያናግር ቀኑን ሙሉ ይውላል። ምግቡንም ምን ልበላችሁ፤ ድንች የማይገባበት ገበታ የለም። ግን የሚያስመሰግናቸውን አልደብቅም። አሮጊት ፌርማታ ላይ ቆማ ሲያዩ ሹፌሩ አንድ ነገር ይነካና አውቶቡሱ በሰው በኩል ዝቅ ይላል፤ እንደ ግመል ይንበረከካል። እኔ መጀመሪያ ቀን ጎማው ፈነዳ ብዬ ወደ ኋላ ሸሽቻለሁ።

አሁን ልጽፍላችሁ ወደ ተነሣሁበት ነገር ልምጣ። እዚህ አገር ከሁሉ በፊት የተቀበለችኝ አንዲት ቃል ናት። ኬር ትባላለች። ትንሽ ቃል ናት፤ የማትገባበት ቤት ግን የለም።

ሳላውቃት ድሮ አውቃታለሁ። መዝገብ ቤት ሳለሁ ከውጭ በሚመጡ ፖስታዎች ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች፣ ሲ እና ኦ፣ በመሐላቸው ዘንበል ያለ ሰረዝ ተጽፎ አይ ነበር። አለቃዬ «በእገሌ በኩል ማለት ነው፤ ዝም ብለሽ መዝግቢ» ብሎኝ ስመዘግብ ኖርኩ። ሼፊልድ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት በስሜ ደብዳቤ መጣ፤ ከስሜ ሥር እነዚያው ሁለት ፊደሎች፣ ከዚያ የልጄ ስም። ሰናይትን ጠየቅኳት። «ኬር ኦፍ ማለት ነው እማ። በእኔ እጅ፣ በእኔ ጥበቃ ያለሽ ማለት ነው» አለችኝ። በስድሳ አምስት ዓመቴ በልጄ እጅ ያለሁ ዕቃ ሆኜ ተመዘገብኩ። ደብዳቤውን አጥፌ አስቀመጥኩት።

ከዚያ የልጄ ሥራ መጣ። እኔ ጎንደር ሆኜ ልጄ ነርስ ናት እያልኩ ለሰው ስናገር ኖሬአለሁ፤ እሷም አንድም ቀን አላረመችኝም። ወልዳ ሥራ ልትመለስ ስትሰናዳ ሰማያዊ ቀሚስ መሳይ ልብስ ለበሰች።

«የነርስ ልብስ ይሄ ነው?» አልኳት።

«ነርስ አይደለሁም እማ። ኬረር ነኝ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ኬር ሆም የሚባል ቤት አለ፤ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚኖሩበት። አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ሌሊት አገላብጣቸዋለሁ።»

«የማን እናቶች ናቸው?»

«የሰው ናቸዋ እማ።»

«ልጆቻቸው ሞቱ?»

«አልሞቱም። ለገና በዓል ይመጣሉ፤ አበባ ይዘው።»

እህቴ ስልክ የላትም። በጎረቤታችን በአያ ደሴ ስልክ እየደወልኩ እሱ ይወስድላት ነበር። ይህን ነገር ስነግራት «ነገሩ ሸጋ ነው» አለች። «ልጅሽ የሰው እናት ትጦራለች፤ አንቺ የልጅሽን ልጅ ትጠብቂያለሽ፤ እኔን ደግሞ አያ ደሴ በስልክ ይጦረኛል።» አያ ደሴ ከጎኗ ሆኖ ሲስቅ ይሰማኛል። እኔም ሳቅኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ያልሳቅኩት።

የቤት አከራያችንን ሳላነሣ ብቀር ይቆጨኛል። ረጅም ሰው ነው፤ ሲገባ ጫማውን አያወልቅም። አንድ ቀን ውል የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ መጣ።

«ይህ ቤት የተከራየው ለሁለት ሰው ነው። ሦስት ሆናችኋል» አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬን አቀና ብዬ እኔው መለስኩለት።

«ሦስተኛዋ አራት ኪሎ ብቻ ነው የምትመዝነው ጌታዬ።»

«ስንት ኪሎ እንደሆነች አይ ዶንት ኬር» አለ። አይመለከተኝም፣ ግድም የለኝም ማለቱ ነው። ሕፃኗ ኤልዳና በእቅፌ ሆና አየችው። እሱም አያትና ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ በደግ ድምፅ «ቴክ ኬር» አለኝ፤ ራስሽን ጠብቂ እንደ ማለት፤ እነሱ ሲሰናበቱ የሚሉት ነው። ግድ የለኝም ያለባትን ቃል አፉ ላይ ገና ሳትደርቅ ምርቃት አደረጋት። በሩን ዘጋሁ። እኛ አገር የሚራገምና የሚመርቅ ሰው ቢያንስ ቃል ይለውጣል።

ስድስቱ ወር ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኤልዳና ልቧ ላይ ቀዳዳ ተገኘባት። ስትጠባ ከንፈሯ ይጠቁር ነበር። ሐኪሞቹ ትንሽ ስታድግ ቀዶ ጥገና ይሠራላታል፣ እስከዚያ ግን ዓይን እንዳይለያት አሉ። ሰናይት ሥራ ካቆመች ቤት የለም። እኔ ከሄድኩ ሕፃኗን የሚያይ የለም። ስለዚህ ቀረሁ። ለእታበባ ስነግራት «ልጅ ታሞ ምን መምጣት አለ፤ ቆዪ» አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር።

ከዚያ ነገር ተከታተለ። ለመቆየት ማመልከቻ ማስገባት ነበረብኝ፤ ማመልከቻው ከገባ ፓስፖርቱ እነሱ ዘንድ ይቀራል፤ ውሳኔ ሳይመጣ ከአገር የወጣ ማመልከቻውን እንደ ተወ ይቆጠራል። በእኛም በኩል እናንተው እንደምታውቁት ነው። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው። አያ ደሴን ሳላገኝ ወራት ያለፉበት ጊዜ ነበር። በእነዚያ ወራት ጠዋት ጠዋት እታበባን በልቤ እያኖርኩ፣ ማታ ማታ እየቀበርኩ ነው የከረምኩት።

ፎርሙን ያስሞላን ጠበቃ ቸር ሰው ነው፤ ለስደተኛ በነፃ ይሠራል። ሰናይት ከጎኔ ተቀምጣ ትተረጉምልኝ ነበር። ስለ ኤልዳና ሕመም ሁሉንም ከጻፈ በኋላ አንድ ጥያቄ ላይ ደረሰ።

«በኢትዮጵያ ኬር የሚያደርግልዎ ሰው አለ?»

«እህት አለችኝ።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሰማንያ ሊሆናት ነው።»

«ትሠራለች? ትረዳዎታለች?»

«ልትረዳኝ አይደለም፤ እኔ ነኝ የምጦራት።»

«እንግዲያው ‹የለም› ብዬ ልጻፍ።»

«በሕይወት አለች እኮ።»

«በሕይወት መኖሯን አይደለም የጠየቁት ወይዘሮ።»

«ማንም የለኝም ብዬ አልፈርምም» አልኩ።

ሰናይት ይህን አልተረጎመችም። ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «እማ፣ ወረቀት ነው» አለችኝ። ለሌላ ሰው ወረቀት ሊሆን ይችላል። እኔ ዕድሜዬን ወረቀት ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተጻፈ ነገር የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ደግሞም እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በእኛ ዘንድ «ማንም የለኝም» የሚል ሰው ወይ ቀብሮ የተመለሰ ነው፣ ወይ በሰው ሕይወት ላይ የሚያሟርት ነው። እህት በቁሟ ሳለች የለችም ማለት ሞት መጥራት ነው። ጠበቃው ሰዓቱን አላየም፤ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ቢያጣድፈኝ ኖሮ ምናልባት ተቆጥቼ እተወው ነበር። ኤልዳና በጋሪዋ ውስጥ ተኝታ ነበር፤ ከንፈሯን አየሁ። ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ለእታበባ ስደውል ድምፄ ትክክል አልወጣ ብሎኝ ቆየ። እሷ አልጠየቀችኝም።

ሕፃኗ ባለፈው ዓመት ተሠራላት፤ ተመስገን፣ አሁን ደረጃ ስትወጣ አትደክምም። ቀን ቀን ሕፃናት ማቆያ መዋል ስትጀምር እኔ ቤት ውስጥ ብቻዬን መሆን አልቻልኩም። ሰናይት የምትሠራበት ኬር ሆም ጠያቂ የሌላቸውን ሰዎች እየመጣ የሚያጫውት ሰው ይፈልግ ነበር። «የሰውን በሽተኛ መጠየቅ ሥራ ነው እንዴ?» ብዬ ሄድኩ።

ያገናኙኝ ሚስስ ዶሪን ከሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት ሴት ጋር ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ የነበሩ ናቸው። እግራቸው አይታዘዝም፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። በመጀመሪያው ቀን «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል «ምን ጣልሽ?» አሉኝ። ወንበር ሥር አብረን ፈለግን፤ ያልጣልኩትን ዕቃ። ከዚያ ወዲያ በእጅ ብቻ እንጨባበጣለን።

ከልቡ ያስተማረ ሰው ደስ የሚለው ሲጠየቅ ነውና አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ይህች ቃል ፖስታ ላይ አለች፤ የልጄ እንጀራ ናት፤ የዚህ ቤት ስም ናት፤ የአከራያችን ንቀት ናት፤ ስንብትም ናት። መጀመሪያ ምን ነበረች?» አልኳቸው።

ዓይናቸው በራ። ከመደርደሪያው ትልቁን መዝገበ ቃላት እንዳወርድላቸው አዘዙኝ፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል። አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ፈለጉ።

«አየሽ» አሉኝ፤ «ብዙ ሰው ከላቲን የመጣች ይመስለዋል። አይደለችም። በመልክ ይመሳሰላሉ እንጂ አይዛመዱም። የዚህችኛዋ ሥር የራሳችን ነው፤ ጥንት ሐዘን ማለት ነበር። ከዚያም ወደ ኋላ ብትሄጂ ለቅሶ፣ ሰው ሲሞት ድምፅ አውጥቶ የሚለቀሰው። ጀርመኖች ዛሬም የስቅለትን ዓርብ በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት፤ የለቅሶ ዓርብ።»

«ታዲያ እንዴት ሥራ ሆነች?»

«ቀስ በቀስ። ያዘነ ሰው ይሠጋል፤ የሚሠጋ ሰው ዓይኑን አይነቅልም፤ ዓይኑን ያልነቀለ ሰው ይንከባከባል። በመጨረሻ ለቅሶው ተረሳ፤ እንክብካቤው ቀረ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «አንዳንዴም እንክብካቤው ይረሳና ቢሮው ይቀራል።»

እኔም በተራዬ አባታችን ያስተማረንን ነገርኳቸው። አባታችን የቅኔ ሰው ነበር፤ ሴት ልጅ ብሎ አልደበቀንም። ጧሪ የምንለው ቃል ግዕዙ ጾረ ነው፤ ተሸከመ ማለት ነው። እናትና አባትን መጦር መሸከም ነው። ከጧሪ ቀጥሎ ሁልጊዜ ቀባሪ ይመጣል፤ በእኛ ዘንድ ሁለቱ አይለያዩም፤ የተሸከመ ሰው እስከ መጨረሻው፣ እስከ መቃብር አፍ ይሸከማል።

«ስንት ልጅ አለዎት?» አልኳቸው ከዚያ በኋላ፤ ባላውቅ አይደለም፤ ፎቶግራፋቸው ከአልጋው ራስጌ ነው።

«ሁለት ወንዶች። መልካም ልጆች ናቸው። እንደምታዝኚልኝ አውቃለሁ፤ አትዘኚ። እነሱ እንዲያጥቡኝ አልፈልግም። ልጅሽ ስታጥበኝ ስለ ልጇና ስለ ኳስ ጨዋታ እናወራለን። የራሴ ልጅ ቢያጥበኝ ግን ሁለታችንም እናለቅሳለን።»

እኛ አገር አብሮ ማልቀሱ ነው እኮ ዋናው ልል ነበር። ግን የእታበባን ጀርባ አስታወስኩ። አንድ ጊዜ ታማ ላጥባት ብዬ ውሃ ሳሞቅ «ውጪ፣ እኔ ራሴ እታጠባለሁ፤ አንቺን ያጠብኩሽ እኔ ነኝ» ብላ በሩን ዘግታብኛለች።

«እህትሽንስ ማን ይንከባከባታል?» አሉኝ ሚስስ ዶሪን።

«ማንም» አልኩ። ፎርሙ ላይ ከፈረምኩት ቃል ጋር አንድ ነበረች። ለሁለተኛ ጊዜ ስላት ቀለለችኝ፤ ያ አስፈራኝ።

ለእታበባ ስለ ቃሉ ነገርኳት፤ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች። ጥንት ለቅሶ ነበረ አልኳት። «እንዴ! ታዲያ ልጅሽ በደመወዝ ነው የምታለቅሰው?» አለች። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፤ ለሦስት ወር ያህልም ተመልሶ አልሠራም።

ባለፈው ግንቦት፣ የልደታ ማግስት፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። እታበባ ናት። ሰናይት ለማታ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች፣ ኤልዳና ወለሉ ላይ እየተጫወተች ነበር።

«ጥሩወርቅ፣ ደህና ነሽ? ልጅቱ ደህና ናት? ተመስገን። ተቀመጪ፤ የምነግርሽ አለ።»

ተቀመጥኩ።

«በመጋቢት ግቢ ውስጥ ወደቅሁ። አትጩኺ፤ አሁን ደህና ነኝ። ያቺ ዝናሽ የምትባል፣ ከቆላ ተፈናቅላ መጥታ ጓዳዬን የተከራየችኝ፣ ነግሬሽ ነበር? ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ እናቷም አባቷም አልቀሩላትም። ከውሃ ስትመለስ አገኘችኝ። ተሸክማ አስገባችኝ፣ አጠበችኝ። ስትጨርስ ሳስበው አላፈርኩም። እኔ እኮ አንቺን እንኳ አፍሬሻለሁ።»

«እሺ እታበባ።»

«ስለዚህ ትናንት ለልደታ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ሽማግሌ አስቀመጥኩ። አያ ደሴም ነበር፣ የነፍስ አባታችንም ነበሩ። ጡቴ ላይ ማር ተቀባ፤ ጠባች። የጡት ልጄ ናት።»

ይህን ደንብ ከተማ ላደጋችሁ ልንገራችሁ፤ ያልወለደ ሰው በሽማግሌ ፊት ማር የተቀባ ጡቱን ካጠባ፣ የጠባው ሰው እንደ አብራኩ ክፋይ ነው። ወራሽም ይሆናል፤ ጧሪም፤ ቀባሪም።

«ማሩን ከየት አገኛችሁ?» አልኩ።

«አያ ደሴ ለሳል ያስቀመጠውን ሰጠ። ሲሰጥ አኩርፏል። እኔን ደግሞ ሳቅ ያዘኝ፤ ሰማንያ አንድ ዓመት ሥራ ፈትቶ የኖረ ጡት ዛሬ ተጠራ ብዬ። ቄሱ ተቆጡኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጥሩወርቅ። ፈታሁሽ። ያን ቀን ቤትሽ የገባሽልኝን ቃል ፈትቼልሻለሁ። የነፍስ አባታችንም ‹እግዚአብሔር ይፍታሽ በያት› ብለዋል። አሁን እንግዲህ በልጅሽ ቤት በደህና ኑሪ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር አትደንግጪ።»

ሦስት ዓመት ስለምን የኖርኩት ይህን ነበር ልል እችላለሁ፤ ቢያንስ ከሚያስደነግጠኝ ነገር የሚያሳርፈኝን። አሁን ሲሰጠኝ ግን እጄ አልዘረጋ አለ። «እኔም የምነግርሽ አለኝ» አልኳት። «ወረቀት ላይ፣ አገርሽ የሚንከባከብሽ ሰው አለ ወይ ሲሉኝ፣ የለም ብዬ ፈርሜአለሁ። አንቺ እያለሽ።»

«ምነው ታዲያ?» አለች። «እውነቱን ነው የጻፍሽው። በዚህ ጉልበቴ ማንን እጦራለሁ?»

ጠበቃው ያለው ይህንኑ ነው። ከእሱ ሲመጣ እንዲህ አልከበደኝም።

«ልጅቱን ላገናኝሽ» አለችና ስልኩ እጅ ቀየረ።

«አክስቴ፣ ደህና ነሽ?» አለች ዝናሽ። የቆላ ሰው ድምፅ አላት፤ ቃሉን ትጎትተዋለች። አክስቴ መባሌን ለመልመድ ትንሽ ፈጀብኝ።

«ደህና ነኝ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ። ስሚኝ፤ እሷ ሲበርዳት በረደኝ አትልም። ሳትጠይቂ ደርቢላት።»

«አውቃለሁ አክስቴ።»

«የግራ ጉልበቷ ነው የሚያማት። ቀኙ ነው ብትልሽ አትመኚያት፤ እንዳይነካባት ነው።»

«አውቃለሁ። እሱን በቅቤ አሽላታለሁ።»

«በጾም ቀን ከሰዓት በፊት እህል አትቀምስም። ዕድሜዋ አይፈቅድም ቢሏትም አትሰማም። በልመና ሳይሆን በቁጣ ነው የምትበላው፤ ተቆጫት።»

«በሁዳዴው ተቆጥቻታለሁ» አለችና ሳቀች። «በላች።»

ሌላ የማውቀውን ፈለግኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እህቴን አውቄያት ለልጅቱ የምነግራት ነገር ሦስት ብቻ ሆኖ አለቀብኝ፤ ሦስቱንም ልጅቱ ታውቀዋለች። ሰናይት ጫማዋን አስራ ጨርሳ በሩ ላይ ቆማ ትሰማኛለች፤ ሰዓቷ እየደረሰ ነው።

«አንቺንስ አክስቴ፣ እዚያ የሚጦርሽ አለ?» አለችኝ ዝናሽ፤ በቅንነት፣ ሰው ጤና እንደሚጠይቅ።

«ልጅ አለችኝ» አልኩ።

«ተመስገን» አለችና ስልኩን ለእታበባ መለሰችላት። ሰናይት ግንባሬን ስማኝ ወጣች፤ ሚስስ ዶሪንን የምታስተኛው እሷ ናት።

«እህስ፣ እንዴት አየሻት?» አለች እህቴ።

«ሸጋ ልጅ ናት።»

«ሸጋ ናት» አለች።

በእነሱ በኩል ውሻ ይጮኻል፤ አንዲት ሴት ከሩቅ ሌላዋን ትጣራለች። እኔ ስልኩን አልዘጋሁም። እሷም አልዘጋችም።